«ማሽን ነሽ» አትበሉኝ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሠራሁትን ስህተት እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። ላፕቶፔ ላይ ሁለት መስኮት ከፍቼ ነበር። አንደኛው የመሞከሪያው ሰርቨር ነው፣ ሌላኛው ደንበኞች በቀጥታ የሚጠቀሙበት። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ላይ ነጭ ፊደል። ስድስት ሳምንት ሙሉ በቀን አራት ሰዓት ብቻ የተኛ ሰው ሁለት ጥቁር መስኮት መለየት አይችልም። መሞከሪያው ላይ ያለሁ መስሎኝ አንድ ሠንጠረዥ የሚያጠፋ ኮማንድ ጻፍኩና ኢንተር መታሁ። ባክአፑ የተወሰደው ከ11 ሰዓት በፊት ነበር። በነዚያ 11 ሰዓታት ውስጥ ሰዎች ያዘዙት ምሳ፣ እራት፣ የከፈሉት ገንዘብ ሁሉ ከዳታቤዙ ጠፋ።

ከዚያ በፊት በነበረው ጠዋት፣ ስብሰባ ላይ፣ አለቃዬ ሰው ሁሉ ፊት «አንቺ እኮ ሰው አይደለሽም፣ ማሽን ነሽ!» ብሎኝ ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ሳይቀር ነግሬያታለሁ። እናቴ ትንሽ ዝም አለችና «ማሽን እንኳን ዘይት ይቀየርለታል» አለች። ሳቅኩባት።

ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው እናቴ ልክ እንደነበረች ለመመስከር ነው። ምስክሬ ደግሞ ከሩቅ ነው የመጣችው፤ በረዶ ላይ በስኪ ስትንሸራተት የኖረች ኖርዌጂያዊት። ምን አገናኛችሁ ትሉ ይሆናል። ልንገራችሁ።

ከስህተቱ ሁለት ቀን በኋላ፣ ጨጓራዬ ተነሥቶ አልጋ ላይ እያለሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ቪዲዮ ተለቀቀ። ሃያ ሰከንድ ነው። አንዲት የበረዶ ላይ ተወዳዳሪ የመጨረሻውን መስመር ታልፍና በረዶው ላይ ትዘረራለች። አፏ ተከፍቷል፣ ደረቷ ይወጣል ይገባል፣ አገጯ ላይ ምራቋ በርዷል። ከታች በትልቅ ፊደል «አንተ ስትተኛ ሌላው እየሠራ ነው» ይላል። ከሥር አርባ ምናምን የእሳት ኢሞጂ። ከተዘረረች በኋላ ምን እንደሆነች ማንም አልጠየቀም። ተነሣች? ማን አነሣት? በማግስቱ ምን ሠራች?

እኔ በባህሪዬ ሎግ ካላየሁ አላምንም። አንድ ሲስተም ሲወድቅ ሰው የሚነግረኝን ሳይሆን የተመዘገበውን ነው የማየው። እልህ ያዘኝና ስለዚህ ስፖርት መፈለግ ጀመርኩ። የቪዲዮዋ ሴት ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ፍለጋው ግን ከሁሉም የሚበልጥ ነገር ላይ ጣለኝ፤ በዚህ ስፖርት ታሪክ ከሴቶች ሁሉ በላይ ያሸነፈችው ሰው ሎግ አላት። ማሪት ቢዮርገን ትባላለች።

እኛ አገር አቋራጭ ስንል በጭቃና በሣር ላይ የሚሮጥ ሩጫ ነው። እነሱ ጋ አገር አቋራጭ በሁለት ቀጫጭን ስኪና በሁለት ዱላ፣ ዳገቱን በራስ ጉልበት እየወጡ፣ ቁልቁለቱን እየተንሸራተቱ የሚሄዱት ነው። ከተራራ ላይ ዝም ብሎ የሚወረድበት ዓይነት አይደለም። እግር፣ ክንድ፣ ጀርባ፣ ሳንባ ሁሉም አንድ ላይ ይሠራሉ። ከጽናት ስፖርቶች ሁሉ ከባዶቹ ተርታ ነው።

ማሪት በ1980 ተወለደች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የገበሬ ልጅ ናት። ከ2002 እስከ 2018 ባሉት አምስት የክረምት ኦሊምፒኮች 15 ሜዳሊያ ወሰደች፤ 8 ወርቅ፣ 4 ብር፣ 3 ነሐስ። ጡረታ ስትወጣ በክረምት ኦሊምፒክ ታሪክ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ የሷን ያህል ሜዳሊያ ያለው ሰው አልነበረም። በዓለም ሻምፒዮና 18 ወርቅ፣ በዓለም ዋንጫ ደግሞ 114 ድል አላት። የመጨረሻው የኦሊምፒክ ውድድሯ ፒዮንግቻንግ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ነበር። ዕድሜዋ 38 ሊሞላ ወር አልቀረውም። ሁለተኛ የወጣችውን በ1 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ቀደመቻት።

እንግዲህ «ሌላው እየሠራ ነው» የሚለው ቪዲዮ እውነት ከሆነ፣ እውነትነቱ መታየት ያለበት እዚህች ሴት ሕይወት ውስጥ ነው። ማሪት ደግሞ እንደ ብዙ የአገሯ ስፖርተኞች የልምምድ ማስታወሻ ትይዝ ነበር፤ ዛሬ ምን ሠራሁ፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ጉልበት። በ2017 የኖርዌይ ተመራማሪዎች የዓመታት ማስታወሻዋን ወስደው፣ ቆጥረው፣ አሳተሙት። ቁጥሮቹን ሳይ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

በጣም ባሸነፈችባቸው ዓመታት በዓመት ወደ 940 ሰዓት ትለማመድ ነበር። በሳምንት ሲካፈል 18 ሰዓት ነው። ለሰውነት ይሄ እጅግ ብዙ ነው፣ እኔ አንድ ሳምንትም አልችለውም። ዋናው ነገር ግን ሰዓቱ አይደለም። ከጽናት ልምምዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ቀላል የሚባለው ነው። ቀላል ማለት ጎንህ ካለው ሰው ጋር እያወራህ የምትሄድበት ፍጥነት ነው። በጣም ከባድ የሚባለው፣ ማለትም ያ ቪዲዮ ላይ የምታዩት ዓይነት አፍ የሚያስከፍተው፣ 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። አሰላሁት። በሳምንት በአማካይ ከአንድ ሰዓት በታች ይመጣል።

ደግሜ ልበለው። ከሴቶቹ ሁሉ በላይ ያሸነፈችው ሰው በሳምንት ውስጥ አፏን ከፍታ የምትሠራው በአማካይ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። እኛ ያንን አንድ ሰዓት ቀርጸን፣ ሙዚቃ ጨምረንበት፣ ሕይወት ሁሉ እንዲህ መሆን አለበት ብለን እርስ በርስ እንላላካለን።

ለምን እንደዚያ እንደምትለማመድ ማወቅ አይከብድም። ቀላሉ ልምምድ ሲደጋገም ጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ፣ ኦክስጅንን ወደ ጉልበት የሚቀይሩት የሴል ክፍሎች ይጨምራሉ፣ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጩኸት አይፈልግም። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ነገም መድገም መቻሉ ነው። ዛሬ እስኪያዞርህ ከሠራህ ነገ አትሠራም፣ ወይ ደግሞ የሠራህ ትመስላለህ። አንድ ቀን ዓለምን የሚያስደንቅ ልምምድ ምንም አይገነባም። ሁለት ሺህ ተራ ቀን ግን ይገነባል።

ሁለተኛው ቁጥር ይበልጥ አናደደኝ፤ የተናደድኩት በራሴ ነው። በ20 ዓመቷ በዓመት 520 ሰዓት አካባቢ ነበር የምትለማመደው። 940 የደረሰችው በ35 ዓመቷ ነው። በ15 ዓመት 80 በመቶ ጨመረች። ይሄን በየዓመቱ ስታካፍሉት 4 በመቶ ገደማ ነው። አራት! እኔ ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የሥራ ሰዓቴን በአንድ ጊዜ በእጥፍ አሳደግኩት፣ ከዚያ ለምን ተሰበርኩ ብዬ ተገረምኩ። ሰርቨር ላይ በአንድ ሌሊት ጭነቱን እጥፍ የሚያደርግ መሐንዲስ ብናይ ከሥራ ይባረር እንላለን። ራሳችን ላይ ስናደርገው ጀግንነት ይባላል።

እዚህ ጋ አንዳንዶቻችሁ ስታጉረመርሙ ይሰማኛል። «ስንፍናን በሳይንስ ልታስውቢው ነው?» አይደለም። 940 ሰዓት ስንፍና አይደለም። በዓመት ወደ 540 ጊዜ ተነሥቶ መውጣት ስንፍና አይደለም። አምስቱ በመቶም ነበረ፣ ሲመጣ ደግሞ እውነተኛ ነበር። እኔም ሲስተም ሲወድቅ ሌሊት መነሣት እንዳለ አውቃለሁ፤ አንዳንድ ሳምንት እሳት ይነሣል፣ ይጠፋል። ጠቤ ከከባድ ሥራ ጋር አይደለም። ጠቤ እሳቱን የዘወትር ሥራ ካደረጉት፣ ሳይነሣ ሲቀርም ራሳቸው ከሚለኩሱት ጋር ነው።

ሌላም አለ። «ኮድ መጻፍ ስኪ አይደለም፣ ጭንቅላት ሳንባ አይደለም።» እውነት ነው፣ ከአንዷ ሴት ማስታወሻ ተነሥቼ ስለ ሁሉም ሥራ ሕግ አላወጣም። ስለዚህ የራሴን ሎግ ያዝኩ። አዲስ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ለአንድ ዓመት፣ በተራ ደብተር ላይ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራሁና የጻፍኩት ኮድ በኋላ ምን እንዳመጣ መዘገብኩ። በዓመቱ መጨረሻ ተመልሼ መታረም የነበረባቸው 14 ከባድ ስህተቶች ነበሩኝ። 11ዱን የጻፍኳቸው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ሌሊት ላይ «ዛሬ ስንት ሠራሁ!» ብዬ የተኛሁባቸው ቀናት፣ ጠዋት ቁጭ ብዬ የሌሊቱን የማርምባቸው ቀናት ነበሩ። የአንድ ሰው ደብተር ነው፣ ጥናት አይደለም። ግን የእኔ ነው። እናንተስ የእናንተን ለክታችሁት ታውቃላችሁ? ወይስ ስሜታችሁን ነው የምታምኑት?

አሁን ወደ ሁለተኛው ውሸት ልምጣ። የመጀመሪያው «ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ብቻህን» የሚለው ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ጨለማ፣ ዝናብ፣ አንድ ሰው።

ሶቺ፣ 2014። የኖርዌይ ሴቶች በአራት ሰው ቅብብል ወርቁን እንደሚወስዱ ሁሉም ጠብቋል። ማሪት አለች፣ ቴሬሴ ዮሃውግ አለች። አምስተኛ ወጡ። ጣቱ ሁሉ የተቀሰረው ስኪዎቹ ላይ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚህ ስፖርት ስኪው ሥር ሰም ይቀባል። የበረዶው ሙቀትና እርጥበት በተቀየረ ቁጥር የሚቀባው ሰም ይቀየራል፤ ይሄን ብቻ የሚሠሩ ባለሙያዎች ቡድን አለ፣ ከነመኪናቸው ከውድድር ውድድር የሚዞሩ። እነሱ ካልተሳካላቸው የዓለም አንደኛዋም ዳገት ላይ ስኪዋ አይንሸራተትላትም። በዚያው ኦሊምፒክ ማሪት ሦስት ወርቅ ወስዳለች። ሰውነቷ ያው ነው፣ ፍላጎቷ ያው ነው። ሰሙ ሲስት ግን አምስተኛ።

ስለዚህ «በራሷ ጥረት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግማሽ ነው። አሠልጣኝ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ሰም የሚቀባ አለ፣ ደሞዝ የሚከፍል አለ፣ ልጅ እያሉ ያለ ጭንቀት እንዲጫወቱ የፈቀደ የመንደር ክለብ አለ። የኖርዌይ ስፖርት ለልጆች የወጣ ደንብ አለው፤ ትንንሽ ልጆች አንደኛ ሁለተኛ እየተባሉ በደረጃ እንዲዘረዘሩ አይፈቅድም። ያ ሁሉ ሜዳሊያ ያላት አገር ልጆቿን ቶሎ አታወዳድርም። እኛ ደግሞ ኬጂ ላይ ደረጃ እናወጣለን።

ከኛም ወገን ሰው አለ እዚህ ታሪክ ውስጥ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገባ፤ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ውድድሩም ይሄው አገር አቋራጭ ስኪ ነበር፤ ማሪትም በነዚያው ቀናት በዚያው በፕራጄላቶ በረዶ ላይ ተወዳድራለች። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመለሰ። ከሜዳሊያው በጣም ርቆ ነው የጨረሰው። አሁን ያንን ቪዲዮ የለቀቀውን ልጅ ልጠይቀው፤ ሮቤል ያላሸነፈው ስለተኛ ነው? ኢትዮጵያ ውስጥ በአስፋልት ላይ ጎማ ያለው ስኪ እየገፋ የተለማመደ ሰው፣ ፌዴሬሽኑን ራሱ ያቋቋመ ሰው፣ ፍላጎት አንሶት ነው? በረዶ የለም፣ ሰም ቀቢ የለም፣ ክለብ የለም፣ ገንዘብ የለም። እነዚህን ሁሉ ዘልላችሁ «ጠንክር» ማለት ምክር አይደለም፣ ስድብ ነው።

እዚህ ጋ ከሁሉም የሚከብደኝን ተቃውሞ ላንሣ፤ የራሴ ጓደኛ ናት ያነሣችው። «ኖርዌይ ነዳጅ አላት» አለችኝ። «ማሪት ቀስ ብላ ብትሄድ የሚከፍላት አለ። እኔ ቀን መሥሪያ ቤት፣ ማታ ለአሜሪካ ደንበኛ ካልሠራሁ የወንድሜን የትምህርት ቤት ክፍያ ማን ይከፍላል? ዕረፍት የሀብታም ነው።»

ይሄን በቀልድ አላልፈውም፣ እውነት አለውና። ለጓደኛዬ «ሁለተኛውን ሥራ ተዪ» ማለት አልችልም፣ አልልምም። ዕረፍቷን የነጠቃት የቤት ኪራይ ነው፣ የዋጋው ንረት ነው። ግን እዚህ ጋ ልዩነቱን አስተውሉ። ጓደኛዬ ሌሊት የምትሠራው ተገዳ ነው፣ መገደዷንም ታውቃለች። የሀስል ሰባኪው ግን ያንን መገደድ ወስዶ ቀለም ይቀባውና «ይሄ ነው የስኬት ምስጢር» ብሎ ይመልስላታል። ቁስሏን ሜዳሊያ ነው ይላታል። እኔ የምለው ቢያንስ በስሙ እንጥራው ነው። ጫና ጫና ነው፣ ጥበብ አይደለም።

ደግሞ ተቃውሞውን ገልብጡት። ሀብታም ቢሰበር የሚጠግነው አለ። እኛ ብንሰበርስ? እኔ ጨጓራዬ ታሞ ሦስት ሳምንት ስተኛ የተቋረጠው የኔ ደሞዝ ብቻ አልነበረም፤ እናቴ በዚያ ወር መድኃኒቷን ግማሽ ነው የገዛችው። አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው ነው መኪናውን በዝግታ መንዳት ያለበት። አሥር ያለው ይጋጭ።

ስለ ማሪት ቅድስት ነች እያልኩ አይደለም። የአስም መድኃኒት በፈቃድ ትወስድ ነበር፣ በ2010 የፖላንዷ ተቀናቃኟ ዩስቲና ኮቫልቺክ ይሄን በአደባባይ ተቃውማለች። የኖርዌይ ቡድን የአስም መድኃኒት አጠቃቀም ዓመታት የፈጀ ክርክር ሆኗል። ማሪት በዶፒንግ ተቀጥታ አታውቅም፤ ክርክሩን ግን ደብቄ ብጽፍ እኔም እንደ ቪዲዮ ሠሪዎቹ የሚጥመኝን ሃያ ሰከንድ ብቻ ቆርጬ ማሳየቴ ነው። የማስታወሻዋ ቁጥሮች ግን ከዚህ ክርክር ጋር አይወድቁም። ያ ዓይነቱ አለማመድ፣ ብዙ ቀላል ጥቂት ከባድ፣ በብዙ የጽናት ስፖርተኞች ላይ የታየ ነው።

እንዲያውም ኖርዌይ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ጠዋት በ12 ሰዓት እንጦጦ ጫካ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ሯጮቻችን በአንድ መስመር ተከታትለው፣ በባሕር ዛፉ መሃል ዚግዛግ እየሠሩ፣ አንዳንዴ ከእግረኛ ትንሽ ፈጠን ባለ ፍጥነት ይሄዳሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን «እነዚህ ናቸው ዓለምን የሚያሸንፉት?» ብያለሁ። አዎ፣ እነዚህ ናቸው። ፈጣኑ ቀን ሌላ ቀን ነው፣ ያውም የታወቀ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ሁላችንም እንተርተዋለን። የሚኖሩት ግን ሯጮቹ ናቸው። እኛ በነሱ ሜዳሊያ እንኮራለን፣ የምንኮርጀው ግን የመጨረሻዋን 200 ሜትር ብቻ ነው።

ከማሪት ሕይወት ውስጥ ማንም ቪዲዮ የማይሠራበት ክፍል አለ። በ2005 ዓለም ሻምፒዮና ላይ አምስት ሜዳሊያ፣ ሦስቱ ወርቅ። በ2006 ቱሪን ስትሄድ ሁሉም ወርቅ ጠበቀባት፤ ታመመች፣ በአንድ ብር ተመለሰች። ከዚያ ወረደች። በ2009 ሊበሬትስ ላይ በተደረገው ዓለም ሻምፒዮና ያለ አንድ ሜዳሊያ ነው የተመለሰችው። 29 ዓመት ሊሞላት ነበር። በኛ መሥሪያ ቤቶች ቢሆን «አለቀላት» ተብላ፣ አዲስ የተመረቀ ልጅ በቦታዋ ይቀጠር ነበር። በዓመቱ ቫንኩቨር ላይ ሦስት ወርቅ፣ አንድ ብር፣ አንድ ነሐስ ወሰደች። ብሩ ደግሞ በ0.3 ሰከንድ ወርቅ ያመለጣት ነው። የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቋ ይሄኔ ነው፣ ሠላሳ ሊሞላት ወር ሲቀራት። ከአምስት ዓመት በላይ ልምድ ያለውን ሰው «ወጪው በዛ» ብለው ለሚሸኙ አለቆች ይሄን ታሪክ በኢሜይል ብልክላቸው ደስ ይለኛል።

ሌላም ለሴቶቹ። ማሪት በ2015 መጨረሻ ልጅ ወለደች። ዕድሜዋ 35 ነበር። በእርግዝናዋ ጊዜ ልምምዷን እየቀነሰች፣ ከወለደች በኋላ ቀስ እያለች መልሳ ጨመረች። በ2017 ላህቲ ላይ አራት ወርቅ። እኔ ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ፣ በፈገግታ ተጠቅልሎ፣ «በቅርብ የማግባት ሐሳብ አለሽ?» ተብዬ የተጠየቅኩ ሰው ነኝ። ያኔ የሚመለስ ነገር አጣሁ። አሁን አለኝ። የሙያ ዕድሜ ሃያ ሰከንድ አይደለም። አንድ ዓመት የቀነሰ ሰው ጠፋ ማለት አይደለም። መመለሻ መንገዱን የሚዘጋው እርግዝናው ሳይሆን ጠያቂው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዝርዝር አልወድም፣ ግን ሳልናገር ከዘጋሁ ዋጋ የለውም።

ለአለቆች፦ ሌሊት የሠራን ሰው ስብሰባ ላይ አታስጨብጭቡለት። መጀመሪያ ለምን ሌሊት መሥራት እንዳስፈለገ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የናንተ ዕቅድ ነው። ሌሊት የሚነሣ ሰው ካስፈለገ ተራ አውጡ፣ ክፈሉበት፣ በማግስቱ ይተኛ። ዓርብ ማታ አዲስ ነገር አትልቀቁ። የኔ 11 ሰዓት ዳታ የጠፋው በኔ ጣት ነው፣ ኃላፊነቱን ወስጃለሁ። ግን ሁለቱ መስኮቶች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ፣ አንድ ሰው ብቻውን ያለ ማንም ፈቃድ እንዲያጠፋ፣ ስድስት ሳምንት ሳይተኛ እንዲቆይ የፈቀደ አሠራር ነበር። ሰሙን ያልቀባው ማን ነው?

ለቪዲዮ ለቃቂዎች፦ በሚቀጥለው ጊዜ የተዘረረ ሰው ስታሳዩን፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን ቀላል ሰዓታትም አሳዩን። አይታዩም፣ አሰልቺ ናቸው፣ ላይክ አያመጡም። አውቃለሁ። ስለዚህ ባትነግሩን ይሻላል።

ለኛ ደግሞ፦ እንመዝግብ። ስሜታችሁ ይዋሻል፤ ሌሊት ላይ ሁሉም ሰው ጀግና የሆነ ይመስለዋል። ደብተር አይዋሽም። በዚህ ዓመት ካለፈው 4 በመቶ ብቻ ጨምሩ። ትንሽ ይመስላል። በ35 ዓመታችሁ የት እንደሚያደርሳችሁ አስሉት።

ባለፈው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ አብሮኝ የሚሠራ አዲስ ልጅ ቴሌግራም ላይ የስክሪኑን ፎቶ ላከልኝ። በጨለማ ውስጥ የሚያበራ ኮድ፣ ጎኑ ላይ ቡና። ከሥር «ገና ነኝ 🔥» ብሏል። እኔ መልእክቱን ያየሁት ጠዋት ነው፣ ተኝቼ ነበርና። ምን መስማት እንደፈለገ አውቃለሁ። ያቺን ቃል እኔም በዕድሜው ስጠብቃት ነበር።

አልሰጠሁትም። «ዛሬ ረፋድ ላይ ግባ፣ የሌሊቱን ኮድ አብረን እናየዋለን» ብዬ ጻፍኩለት። አራት ሰዓት ላይ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ቁጭ ብለን አየነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ራሱ አገኘውና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሁለቱን መስኮቶች በተለያየ ቀለም አድርጋቸው» አልኩት። «ከዚያ ስለ አንዲት ሴት እነግርሃለሁ።»